ከክትባት በኋላ የሚከሰት የትከሻ ጉዳት፦ ለቢቸና፣ ለሞጣና ለአካባቢው ተገልጋዮች የተዘጋጀ የካሣ አጠያየቅ መረጃ

በላይኛው ክንድ ላይ ከሚሰጥ ክትባት በኋላ የሚከሰት የትከሻ ጉዳት ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው። ለደረሰበት ሰው ግን ቀላል አይደለም። ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሣት ያቃተው ገበሬ እርፍ መጨበጥም ሆነ በላይዳ ማዝራት አይችልም፤ እንጀራ ጋግራ የምታድር እናትም ምጣዱን ማሰስና አክንባሎውን ማንሣት ይቸግራታል። ይህ መረጃ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸናና በሞጣ ከተሞች እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉት በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች የሚኖሩ ተገልጋዮች እንዲህ ያለ ጉዳት ሲያጋጥማቸው ካሣ ከማን፣ በምን ማስረጃና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ሊጠይቁ እንደሚችሉ ያስረዳል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በኢትዮጵያ ለክትባት ጉዳት ብቻ ተብሎ የተቋቋመ ቋሚ የካሣ ፈንድ የለም። ካሣ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ኃላፊነትን በሚመለከቱ ድንጋጌዎች መሠረት ለፍርድ ቤት በሚቀርብ ክስ ወይም በስምምነት ነው። ለክሱ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ሲሆን፣ ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው ጉዳቱ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተያዘው ማስረጃ ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ማንኛውም በመርፌ የሚሰጥ ክትባት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት የሚቆይ የክንድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ ካሣ አያስጠይቅም። የትከሻ ጉዳት የሚባለው ከዚህ ይለያል፤ ክትባቱ ከተሰጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ፣ በአብዛኛው ከሁለት ቀን ባልበለጠ ጊዜ የሚጀምር፣ በማስታገሻ የማይለቅና ክንድን ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይ ማንሣትን የሚከለክል ሕመም ነው። ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ በአንዳንዶች ላይ ከዚያም ይረዝማል።

የክንድ ክትባት መወጋት ያለበት በትከሻው ጫፍ ላይ ከሚዳሰሰው አጥንት ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ወፍራሙ ጡንቻ ባለበት ቦታ ነው። መርፌው ከዚህ ከፍ ብሎ ከገባ ክትባቱ ጡንቻው ውስጥ መቅረቱ ቀርቶ በመገጣጠሚያው አካባቢ ወዳለው ፈሳሽ ያዘለ ከረጢት ወይም ወደ ጅማቶቹ ይደርስና ብግነት ያስነሣል። ስለዚህ የችግሩ መነሻ በአብዛኛው መርፌው ያረፈበት ቦታ ነው እንጂ የክትባቱ ጥራት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከክትባት በኋላ የሚከሰቱ ጉዳቶችን በምክንያታቸው ሲመድብ፣ በአሰጣጥ ስህተት የሚመጡትን ከምርቱ ባሕርይና ከጥራት ጉድለት ከሚመጡት ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ይህ ልዩነት በሕክምና ብቻ ሳይሆን በክሱም ላይ ትርጉም አለው፤ ክሱ በአምራቹ ላይ ሳይሆን በሰጪው ተቋም ላይ የሚያተኩረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስህተቱ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ለተከታቢውም ይጠቅማል። የልብሱ እጅጌ ጠባብ ሲሆንና በአንገቱ በኩል ተጎትቶ ትከሻው ሲገለጥ፣ ለመርፌ የሚታየው የትከሻው ላይኛ ክፍል ብቻ ይሆናል። ተከታቢው ተቀምጦ ክትባት ሰጪው ቆሞ ሲወጋም እጁ ወደ ላይ ያደላል። እጅጌውን እስከ ላይ መሰብሰብ ወይም ልብሱን ከአንድ ወገን ማውለቅ፣ ሁለቱም ተቀምጠው ክትባቱ እንዲሰጥ መጠየቅም የተከታቢው መብት ነው።

የትኞቹን ክትባቶች ይመለከታል?

በሌሎች አገሮች ይህ ጉዳት በብዛት የተመዘገበው ከኢንፍሉዌንዛ፣ በተለምዶ የጉንፋን ክትባት ከሚባለው ጋር ተያይዞ ነው፤ በየዓመቱ ለአዋቂዎች በብዛት የሚሰጠው እርሱ በመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ አይካተትም። በቢቸናም ሆነ በሞጣ አዋቂዎችና ታዳጊዎች በክንዳቸው የሚወስዷቸው ክትባቶች በዋናነት ለነፍሰ ጡሮችና በመውለጃ ዕድሜ ላሉ ሴቶች የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ፣ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ እና የኮቪድ-19 ክትባት ናቸው። ለሐጅ ተጓዦች የሚሰጠው የማጅራት ገትር ክትባትም አለ። ከታች የተገለጸው ሕግ ለሁሉም እኩል ይሠራል፤ የክትባቱ ዓይነት መብቱን አይለውጠውም። ጨቅላ ሕፃናት አብዛኞቹን የጡንቻ ክትባቶች የሚወጉት ጭናቸው ላይ ስለሆነ ይህ ጉዳት እነርሱን አይመለከትም።

የሕጉ መሠረት

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በራሱ ጥፋት በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ካሣ የመክፈል ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ቁጥር 2031 ደግሞ የሞያ ጥፋትን ይመለከታል፤ አንድ ባለሙያ የሞያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበትና በሳይንስ ከታወቀውና በሞያው ተቀባይነት ካገኘው አሠራር ውጭ በቸልተኝነት ወይም ባለመጠንቀቅ ከሠራ ኃላፊ እንደሚሆን ይገልጻል። የክንድ ክትባት የት ቦታ መወጋት እንዳለበት በሞያው የታወቀና በሥልጠና የሚሰጥ ጉዳይ ስለሆነ፣ መርፌው ከዚያ ውጭ ማረፉን ያስረዳ ተበዳይ የክሱን ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

ቁጥር 2067 ጥፋት ባይኖርም በሌላ ሰው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰን ሰው ኃላፊ ያደርጋል። ሆኖም ተከታቢው ፈቅዶ ለወሰደው ሕክምና ይህ ድንጋጌ እንዴት እንደሚተረጎም አከራካሪ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ላይ ብቻ ተማምኖ መክሰስ አይመከርም። አማራጭ ሆኖ ቢጠቀስ ግን ክሱን አይጎዳውም።

ከሳሹ የጉዳቱን ልክና ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርጉትን ሁኔታዎች የማስረዳት ሸክም እንዳለበት ቁጥር 2141 ይደነግጋል። ብዙ ባለጉዳዮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ከክትባቱ በፊት ደኅና ነበርኩ፣ ከክትባቱ በኋላ ታመምኩ» ማለት መነሻ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ተከሳሹ ማን ነው?

ክትባቱ የተሰጠው በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በመንግሥት ሆስፒታል ከሆነ አግባብነት ያለው ድንጋጌ ቁጥር 2126 ነው። በዚህ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተበዳዩ መንግሥትን ጭምር ካሣ መጠየቅ ይችላል። ቁጥር 2127 የሥራ ጥፋት የሚለው ሠራተኛው በቅን ልቦና በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም እየሠራሁ ነው ብሎ ያደረገውን ነው። በክትባት ዘመቻ ላይ የተሰማራች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ነርስ ቦታ ስታ ብትወጋ፣ ጥፋቱ በተለመደው ሁኔታ የሥራ ጥፋት ነው። ስለዚህ ተበዳዩ የካሣውን ጥያቄ በባለሙያዋ ላይ ብቻ ማነጣጠር አያስፈልገውም። በቀበሌ ከሚያውቋት፣ ነገም ልጆቻቸውን ከምትከትብ ባለሙያ ጋር መጣላት ለማንም አይጠቅምም፤ የመክፈል አቅም ያለውም ተቋሙ ነው።

ክሱ የሚቀርበው ሕጋዊ ሰውነት ባለው አካል ላይ መሆን አለበት። ጤና ኬላ በራሱ ተከሳሽ አይሆንም፤ ተጠሪነቱ ለወረዳው ወይም ለከተማ አስተዳደሩ ጤና ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ክሱ ወደዚያ ያመራል። የትኛው መሥሪያ ቤት መከሰስ እንዳለበት ከክሱ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ፣ ያላግባብ በተጠራ ተከሳሽ ምክንያት መዝገቡ ተዘግቶ ጊዜ እንዳይባክን ይረዳል።

በግል ክሊኒክ የተከተበ ሰው በቁጥር 2651 ላይ ይመሠረታል። ድንጋጌው የሕክምና ተቋም በሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው ጥፋት በታካሚ ላይ ለደረሰ ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል።

ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ

ሕመሙ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ካልቀነሰ፣ ቀጣዩ እርምጃ ክትባቱ ወደተሰጠበት ተቋም ተመልሶ ችግሩን ማስመዝገብ ነው። ጤና ተቋማት ከክትባት በኋላ የሚከሰትን ጉዳት የሚያሳውቁበት ቅጽ አላቸው፤ ቅጹ እንዲሞላ መጠየቅና የተሞላበትን ቀን መያዝ ያስፈልጋል። ጉዳዩን ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅም ይቻላል። ባለሥልጣኑ የሚያጣራው የክትባቱን ደኅንነት ነው፤ ካሣ አይወስንም። ነገር ግን የተመዘገበው ሪፖርት ሕመሙ መቼ እንደጀመረ በኋላ ለሚነሣው ክርክር ጠንካራ ማስረጃ ነው።

የክትባት ካርዱ መጥፋት የለበትም። ካርድ ያልተሰጠው ሰው በተቋሙ የክትባት መዝገብ ላይ ስሙና ቀኑ የተጻፈበትን ገጽ ቅጂ ይጠይቅ። መርፌው ያረፈበት ምልክት ከመጥፋቱ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ ከትከሻው አጥንት ጋር ያለው ርቀት እንዲታይ ማድረግ ይመከራል። ምልክቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚጠፋ ይህን ማስረጃ በኋላ በምንም መተካት አይቻልም። አብረው የተከተቡ ጎረቤቶችም ልብሱ እንዴት እንደተገለጠና ባለሙያዋ ቆማ ወይም ተቀምጣ እንደነበር የሚያስታውሱ ከሆነ ምስክር ይሆናሉ።

በመቀጠል ሕክምናው ነው። በሞጣና በቢቸና ሆስፒታሎች የመጀመሪያ ምርመራ ከተደረገ በኋላ የአጥንት ስፔሻሊስት እንዲያየው የሪፈር ወረቀት መጠየቅ ይገባል። ለሞጣ ባሕር ዳር፣ ለቢቸና ደግሞ ደብረ ማርቆስ ይቀናል። በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ የሚታየው የከረጢቱና የጅማቱ ብግነት ሕመሙ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ከቃል ይልቅ ያሳምናል። ሐኪሙ በካርዱ ላይ ክትባቱ የተሰጠበትን ቀን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓትና ክንዱ እስከ የት እንደሚነሣ እንዲጽፍ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወደ ወጌሻ መሄድ በአካባቢው የተለመደ ነው። የትከሻ ሕመም ሲያጋጥም መታሸትም ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው። ይሁን እንጂ ያበጠ ከረጢትን ማሸት ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል፤ ተከሳሹም «ጉዳቱ የመጣው ከመታሸቱ ነው» ብሎ እንዲከራከር በር ይከፍታል። ሕጉ ተበዳዩ የራሱን ጉዳት ለመቀነስ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ስለሚጠብቅ፣ የሐኪም ምርመራ መቅደም አለበት። በተመሳሳይ ምክንያት ቀድሞ የትከሻ ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህን መደበቅ የለበትም። የስኳር ሕመም በራሱ ትከሻን ሊያደርቅ እንደሚችል ስለሚታወቅ ተከሳሹ ማንሣቱ አይቀርም፤ ቀድሞ በሐኪም ተለይቶ ቢጻፍ ይሻላል።

ጉዳቱ ቋሚ ከሆነ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል። የቦርድ ማስረጃ የሚሰጠው ሕክምናው ተከታትሎ ካለቀ በኋላ በመሆኑ ጊዜ ይወስዳል፤ እርሱን በመጠበቅ ግን የክስ ጊዜን ማሳለፍ አይገባም።

ካሣው ምን ያካትታል?

በቁጥር 2091 መሠረት ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። የሕክምና፣ የመድኃኒትና የመጓጓዣ ወጪ፣ የተቋረጠ ገቢና ወደፊት የሚቋረጠው ገቢ ይካተታሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ተበዳይ በመድኑ የተሸፈነለትን ሕክምና ሳይሆን ከኪሱ ያወጣውን ነው የሚጠይቀው፤ ስለዚህ የአውቶቡስ ትኬት፣ የአልጋና ከውጭ የተገዛ መድኃኒት ደረሰኝ ዋጋ አለው።

ደመወዝተኛ ገቢውን በቀላሉ ያስረዳል። ለገበሬው ይከብዳል። በእነማይ ጤፍና ስንዴ የሚያመርት ሰው አንድ የአጨዳ ወቅት በትከሻው ምክንያት ካመለጠው፣ ምን ያህል ማሳ እንደነበረው፣ ለስንት ቀን ሠራተኛ እንደቀጠረና በቀን ስንት እንደከፈለ ከቀበሌው በሚሰጥ ማስረጃና በምስክሮች ማስረዳት ይኖርበታል። በደቦ ወይም በወንፈል የተሠራለት ሥራ በደረሰኝ አይረጋገጥም፤ ወንፈል ግን ብድር እንደመሆኑ መልሶ መክፈል ያልቻለ ሰው በዚያም ይጎዳል፤ ይህንንም ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ይገባል። የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ፍርድ ቤቱ በርትዕ እንደሚወስን ቁጥር 2102 ስለሚፈቅድ፣ ሁሉንም ወጪ በወረቀት ማስረዳት ያልቻለ ሰው መብቱን መተው የለበትም።

ለሕመሙና ለጭንቀቱ የሚከፈለው የኅሊና ጉዳት ካሣ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ቁጥር 2116 ይገድባል። ገደቡ ሕጉ በወጣበት ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ የሕክምና ጉዞ እንኳ ላይበቃ ይችላል። ክሱ በቁሳዊ ጉዳቱ ላይ እንዲያተኩር የሚመከረው ስለዚህ ነው።

የሁለት ዓመቱ ይርጋ

ቁጥር 2143 የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። ጉዳቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ካለው ወንጀል የመነጨ ከሆነ ያ የረዘመው ጊዜ ይሠራል። በቸልተኝነት አካል መጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሥርት አይመሥርት አስቀድሞ አይታወቅም፤ በዚያ ተስፋ መቆየት አደጋ አለው። በወንጀል ነፃ መባልም የፍትሐ ብሔሩን ክስ አያስቀርም፤ ቁጥር 2149 ፍርድ ቤቱ በነፃ መለቀቁ እንደማያስገድደው ይገልጻል።

በተግባር ጊዜው የሚያልፈው በመመላለስ ነው። ለጤና ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት፣ ወደ ዞን መሄድ፣ ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከት ሁሉም ተገቢ ናቸው፤ የኮሚቴው ውሳኔም ጥፋት መኖሩን ለማስረዳት ይጠቅማል። ይሁንና አንዳቸውም ክስ እንደመመሥረት አይቆጠሩም። መልስ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት ያለፈው ባለጉዳይ ተከሳሹ ይርጋ ካነሣበት ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።

ዕርቅ ሲቀርብ

በሽማግሌ ወይም በተቋሙ በኩል ጉዳዩን በስምምነት መጨረስ ሕጋዊ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከክርክር ይፈጥናል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሚፈረመው ሰነድ ላይ ነው። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ያለበት ስምምነት እንደ ፍርድ ስለሚጸና፣ ትከሻው ይድን አይድን ሐኪም ሳይናገር መፈረም አይገባም። ለመድኃኒት መግዣ የተሰጠ ገንዘብ ሲቀበሉም ደረሰኙ ላይ ለምን እንደተሰጠ በግልጽ ይጻፍ።

ክሱ የት ይቀርባል?

ክሱ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ ባለበት ስፍራ ለሚገኘው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ለቢቸና ነዋሪ በቢቸና፣ ለሞጣ ነዋሪ በሞጣ የሚያስችለው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የሚጠየቀው ገንዘብ ከወረዳ ፍርድ ቤት ሥልጣን በላይ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመራል፤ የገንዘቡን ልክ የየፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ያስረዳል። ከክሱ ጋር የሰነዶቹ ቅጂና የምስክሮች ስም ዝርዝር ይያያዛል። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን በቀበሌው አስመስክሮ በነፃ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ተበዳይዋ በትምህርት ቤት የተከተበች ታዳጊ ከሆነች ክሱን የሚያቀርቡት ወላጆቿ ወይም አሳዳጊዋ ናቸው።

የኮቪድ-19 ክትባትና በውጭ አገር የተከተቡ ሰዎች

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮቪድ-19 ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም የተቀበለችው በኮቫክስ አማካይነት ነው። ኮቫክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ92 አገሮች ጥፋት ማስረዳት የማያስፈልግበት የካሣ ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር። ፕሮግራሙ የተዘጋጀው በኮቫክስ በኩል ለቀረቡ ክትባቶችና ሞት ወይም ከባድ የሆነ ዘላቂ ጉዳት ለደረሰባቸው ሰዎች ብቻ ሲሆን የመንጋጋ ቆልፍ፣ የማሕፀን በር ካንሰርና የጉንፋን ክትባቶችን አይሸፍንም። ካሣውን የተቀበለ ሰው በዚያው ጉዳት ሌላ ክስ እንደማያቀርብ ይፈርማል።

በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሁኔታ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የክትባት ጉዳት ካሣ ፕሮግራም የጉንፋን ክትባትንም ይሸፍናል፤ ከመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የትከሻ ጉዳት በፕሮግራሙ ሠንጠረዥ ውስጥ ተካቷል። ሕመሙ ከክትባቱ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመሩን፣ ትከሻው ቀድሞ ያልታመመ መሆኑንና ሕመሙ በተከተበው ትከሻ ብቻ መወሰኑን ያስረዳ ሰው ባለሙያው ማጥፋቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጉዳቱ በመርኅ ከስድስት ወር በላይ የቆየ መሆን አለበት፤ ማመልከቻው የሚቀርበው የመጀመሪያው ምልክት ከታየ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ለሕመምና ለሥቃይ የሚከፈለው ጣሪያ 250 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚሰበሰበው በእያንዳንዱ ክትባት ላይ ከሚጣል አነስተኛ ታክስ ነው። በአሜሪካ የተሰጠ የኮቪድ-19 ክትባት ግን በዚህ ሳይሆን የአንድ ዓመት ማመልከቻ ጊዜ ባለው ሌላ ፕሮግራም ይታያል።

በአሜሪካ ተከትቦ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ቢቸና የተመለሰ ሰው ጥያቄውን የሚያቀርበው ለዚያው አገር ፕሮግራም ነው። እዚህ ያደረገው የሕክምና ክትትል ማስረጃ ሆኖ ሊያገለግለው ስለሚችል የካርዱን ቅጂ አስተርጉሞና በሚመለከተው አካል አስረጋግጦ መያዝ ይኖርበታል።